ቤቱን ያስነሳው ጭስ

«ልጄ፣ አንተ እውነቱን ንገረኝ። ያጠቆርኩት እኔ ነኝ?»

ይህን የጠየቁኝ ጨንቻ ላይ መሣሪያችንን ይጠብቁ የነበሩ ሴት ናቸው። ሁሉም ሰው እማማ ይላቸዋል፣ እኔም እንደዛው። አፋቸውን የፈቱት በጋሞኛ ስለሆነ አማርኛቸው ወንድና ሴት ብዙ አይለይም፤ አንዳንዴ አንተ፣ አንዳንዴ አንቺ ይሉኛል፣ ማረሙን ትቼዋለሁ። በሁለት ጣታቸው ጫፉን የያዙት ክብ ነጭ ወረቀት ነው። ነጭ ነበር ማለቴ ነው። ሳስገባው ወተት፣ ሳወጣው የድስት ቂጥ።

አዎም አይደለምም አላልኳቸውም። ስለማላውቅ ነው። የማላውቀውን አላወራም፤ በዚህ ጠባዬ ከቤተሰብም፣ ከመምህርም፣ ከአለቃም ተጣልቻለሁ። ደግሞ ምን ልደብቅ፣ እኔም ጠርጥሬያቸው ነበር።

በኬሚስትሪ ተመርቄ አርባ ምንጭ የተመደብኩት በዚያው ዓመት ነው። ከአዲስ አበባ ስወጣ እናቴ «ሙቀቱን አትችዪውም» ብላ አልቅሳ ነበር። ሙቀቱንስ ቻልኩት፣ ያቃተኝ ቢሮው ነው። ጠዋት ፈርሞ መቀመጥ፣ አንዱን ጋዜጣ እየተቀባበሉ ማንበብ፣ ሻይ፣ ምሳ፣ እንደገና ሻይ። ሲቀላ በሚባለው የከተማው ክፍል ከአንድ የስልጤ ነጋዴ ሱቅ ጀርባ ክፍል ተከራይቼ ነበር፤ ሰውየው ከቁርስ በፊት የሚሠራው ሥራ እኛ ቢሮ በወር ከሚሠራው ይበልጣል። ስለዚህ አለቃዬ «ጨንቻ እየወጣ ወረቀት የሚቀይር ሰው ይፈለጋል» ሲል ማንም ሳይቀድመኝ እጄን አወጣሁ። ለካ መቅደም የፈለገም አልነበረም። ላይ ብርድ ነው፣ መንገዱም ሆድ የሚያገላብጥ ጠመዝማዛ ነው።

መሣሪያው ከውጭ የመጣ ነው። ሣጥን፣ ትንሽ ፓምፕ፣ በፀሐይ የሚሞላ ባትሪ፣ አለቀ። ሥራው አየር መሳብ ነው። የተሳበው አየር ፊልተር በምንለው ወረቀት ውስጥ ያልፋል፤ አየሩ ይሄዳል፣ አየሩ ላይ የነበረው ብናኝ ወረቀቱ ላይ ይቀራል። የላኩልን ፈረንጆች የፈለጉት ፋብሪካ የሌለበት፣ መኪና የማይበዛበት ከፍታ ነው። ንጹሕ አየር ምን እንደሚመስል ማየት አምሯቸው ነበር። ጨንቻን የመረጡት ለዚህ ነው።

ክረምቱን ሙሉ ወረቀቱ እንደገባ ይወጣ ነበር። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ግራጫ ሆነ። ጥምቀት ሲያልፍ ጠቆረ።

አለቃዬ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አነሳና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየው። የሎተሪ ዕጣ የሚያይ ነው የሚመስለው።

«ይሄ የጎጆ ጥላሸት ነው።»

«በምን አወቁ?»

«በምን አወቁ ትለኛለች እንዴ! እዚያ ተራራ ላይ ሌላ ማን ያጨሳል? የሴትዮዋ ቤት አጥሩ ውስጥ አይደለም? ፈረንጆቹ ይሄን ካዩ መሣሪያቸውን ነቅለው ነው የሚሄዱት፣ አንቺም እዚሁ ቁጭ ብለሽ ሻይ ትጠጫለሽ። እሳቷን ታጥፋ።»

«ባያጠፉስ?»

«ቤቱ ይፍረስ። ጠባቂ ከከተማ እንልካለን።»

መሬቱ ለመሥሪያ ቤቱ ሲሰጥ አጥሩ የእማማን ቤት ጨምሮ ነበር የታጠረው፤ ጠባቂ የሆኑትም በዚሁ ምክንያት ነው። ቤቱ የደጋው ቤት ነው፤ የተሰነጠቀ ቀርከሃ እንደ ቅርጫት ተጎንጉኖ ወደ ላይ የረዘመ፣ በእንሰት ቅጠል የተከደነ። የጎነጎኑት ሟች ባለቤታቸው ናቸው። ጭስ መውጫ የለውም። ጭሱ በጣራው ሁሉ፣ ላብ ከሰውነት እንደሚወጣ፣ ቀስ እያለ ይወጣል።

አለቃዬን አልወደውም። ግን አንድን ሰው ስላልወደድኩት ብቻ ተሳስቷል አልልም። ቤቱ ያለው ከፓምፑ በስተምሥራቅ ነው። በበጋ ነፋሱ ከምሥራቅ ይመጣል፣ በክረምት አቅጣጫውን ይቀይራል። በክረምት ወረቀቱ ነጭ፣ በበጋ ጥቁር። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? አንድ ቀን ጠዋት እንሰቱ መሃል ተደብቄ የጭሱን አካሄድ አየሁ። ከጣራው ተነሳ፣ ጎንበስ አለ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ሣጥናችን።

ሾፌራችንንም ጠርጥሬው ነበር። የናፍጣ መኪናውን ሞተር ሳያጠፋ ሣጥኑ ሥር ገትሮ ይቆማል። ከዛሬ ጀምሮ ታች መታጠፊያው ላይ ነው የምታቆመው ስለው ዓይኑን አፈጠጠ።

«ኬሚስቷ፣ እኔንም?»

«ሁሉንም።»

«ራስሽንስ?»

«ሲጋራ አላጨስም።»

«እሱን እናጣራለን» አለና ዳገቱን በእግሩ ተከተለኝ፣ እያለከለከ፣ በየመሃሉ የወላይታ ዘፈን ጣል እያደረገ።

ከዚያ በኋላ ታች ነው የሚያቆመው። ወረቀቱ ግን ያው ጥቁር። ስለዚህ የቀሩት እማማ ብቻ ናቸው።

«እሳቱን ለጥቂት ቀን ቢያጠፉትስ?» አልኳቸው።

ሳቁብኝ። «ቤቴን ምስጥ ይብላው? ጭስ የቤቱ ምግብ ነው። ጭስ ካጣ ይሞታል።»

«ሌላ ቦታ ቢያበስሉስ?»

«የት? እዚህ ብርድ ላይ? አንተ እኮ የከተማ ልጅ ነህ።» በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ትኩስ ቆጮ ከዳጣ ጋር ሰጡኝና እኔ ስበላ እሳቸው ወረቀቱን ከጉልበቴ ላይ አነሱት። ያን ጊዜ ነው የጠየቁኝ። ያጠቆርኩት እኔ ነኝ?

«እናያለን» አልኩ።

«እናያለን የመንግሥት ቃል ነው። እኔ ያንተን ነው የጠየቅኩህ።»

አፌን ያቃጠለው ዳጣው ነው ብዬ ውሃ ለመንኩ። ከዚያ የአለቃዬን ትዕዛዝ እንዳለ ነገርኳቸው። ማድበስበስ አልችልበትም። ቤቱ ይፍረስ ብሏል፣ ጥበቃውንም ለሌላ ሰው ይሰጣል። እማማ ባላቸው የጎነጎኑትን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች አዩት።

«አይፈርስም» አሉ። «ይነሳል።»

አልገባኝም። የገባኝ ከገበያ ማግስት ነው። አለቃዬ ቤት ሲፈርስ ለማየት መጥረቢያ የያዙ የቀን ሠራተኞች አስከትሎ መጣ። ግቢው በወንድ ተሞልቷል። ሸማኔው፣ ገበሬው፣ የሟች ባላቸው ዘመድ። እኔ መጀመሪያ ለቅሶ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። የቤቱን ዙሪያ ቆፍረው እግሩን ከመሬት አላቀቁት። ውስጡ አግዳሚ እንጨት አሰሩ። ከዚያ ግማሹ ሰው ቤቱ ውስጥ ገባ፣ ግማሹ ከውጭ ጠርዙን ያዘ። ቤቱን ሊሸከሙት ነው! እኔ ቤት ማለት ሰው የሚገባበት ብቻ ሳይሆን ሰው የሚሸከመውም ነገር መሆኑን ማን ነግሮኝ።

አንድ ረጅም ዘንግ የያዙ ሽማግሌ ወደ አለቃዬ ዞሩ። «ጌታው፣ ይህን ቤት ያስነሳኸው አንተ ነህ። ግባና አንድ ጎን ያዝ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አለቃዬ ሰዓቱን አየ። ሾፌራችን ግን ኮቱን አውልቆ እኔ ላይ ወረወረና ገባ።

«ሆ!» አሉ ሽማግሌው። ከውስጥም ከውጭም «ሆ!» ተባለ። ቤቱ ብድግ አለ። ከሥሩ እግር ብቻ ነው የሚታየው፣ ብዙ እግር። ምስጥ የበላው የታችኛው ቀርከሃ እየተቀነጠሰ መሬት ላይ ይቀራል፤ እንዲህ ያለ ቤት በተነሳ ቁጥር ያጥራል አሉኝ። የእማማ ቤት ባላቸው በሕይወት እያሉም አንዴ ተነስቷል። አርጅቷል። ከተሰነጠቀ እንደገና የሚጎነጉንላቸው የለም፤ ረጅም ቀርከሃም እንደ ድሮው አይገኝም። ይሄን ሁሉ የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፣ አጠገቤ ቆመው፣ ዓይናቸውን ከቤቱ ሳይነቅሉ።

ቁልቁለቱ ላይ «ጧ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሁሉም ባለበት ደረቀ። እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጠቀጠቁት። ሽማግሌው ዞረው ዳበሱ፣ የተሰነጠቀው አንድ የጎን ቀርከሃ ነው፣ በማሰሪያ ጠፍረው እንደገና «ሆ!» አሉ። ቤቱ ከፓምፑ በስተምዕራብ፣ ከእንሰቱ ማሳ ወዲያ፣ ጉብታው ጀርባ አረፈ። ዘንበል ብሏል። አልተሰበረም።

ከውስጡ የወጡት ሰዎች ከፀጉር እስከ እግር ጠቁረዋል። የዘመናት ጥላሸት ራሳቸው ላይ ነው የረገፈው። ሾፌራችን ጥርሱ ብቻ ነጭ ቀርቶ ወጣ። «ኬሚስቷ፣ አሁን እኔን ብትመረምሪ ይሻላል!»

መሬት ላይ የረገፈውን ጥላሸት በፌስታል ሰበሰብኩ።

«ምን ትለቅሚያለሽ?» አለኝ አለቃዬ።

«ተጠርጣሪውን።»

የዚያኑ ቀን አዲስ ወረቀት አስገባሁ። አሁን ነፋሱ ጭሳቸውን ከፓምፑ እያራቀ ነው የሚወስደው፤ ወደ ፓምፑ ሊመለስ አይችልም። ወረቀቱ ነጥቶ ከወጣ ጥፋቱ የእማማ ነበር ማለት ነው። ከጠቆረ ደግሞ… ከጠቆረ የሚለውን እስከ መጨረሻው አላሰብኩትም።

በዚያ ሰሞን ሐይቆቹ ጠፉ። ከጨንቻ ሲወረድ ከመንገዱ ላይ ዓባያ ቀላ ብሎ፣ ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ፣ መሃላቸው የእግዜር ድልድይ የሚባለው ተራራማ መሬት ተጋድሞ ይታያል። አሁን ምንም የለም። ጉም እንዳልል ጉም ይረጥባል፤ ይሄ ደረቅ ነው፣ ጉሮሮ ይከረክራል። ፀሐይዋ ቀትር ላይ እንኳን እንደ አሮጌ መዳብ ሳህን ቀልታ፣ አፍጥጠው ቢያዩዋት ዓይን አትጎዳም። ሾፌራችን «በጋ ሲሆን እንዲህ ነው፣ ገበሬው ማሳ ሲያቃጥል ነው» አለ። እሺ፣ ገበሬውንም ጠረጠርኩ። ግን መኪናውን አስቁሜ ወረድኩና ተመለከትኩ። ጭስ የሚነሳበት ቦታ አለው፤ ከሥሩ ይወፍራል፣ ወደ ላይ ይሳሳል። ይሄ ግን ሥር የለውም። ከዓባያ ማዶ፣ ከሰማዩ ሁሉ ነው የሚመጣው።

ወደ ላይ ስንመለስ ሣጥኑን ከፈትኩ። ጥቁር። ከበፊቱ ቢብስ እንጂ አይሻልም።

«ኧረ!» አለ ሾፌሩ። «ቤቱን በከንቱ ነው የተሸከምነው?»

አለቃዬ ሲሰማ አልደነገጠም። «ተናዳ ነው» አለ። «ሆን ብላ አጢሳበታለች። ችቦ ይዞ ሣጥኑ ሥር መቆም ምን ይከብዳል?» የሚያስቀው፣ ይሄ ሐሳብ ከሱ በፊት ለኔ መጥቶ ነበር። ሣጥኑን ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት መሬቱን ነው፣ አመድ ካለ ብዬ። አመድ የለም። ግን አመድ መጥረግም ቀላል ነው። እንዲህ ነው መጠርጠር፤ አንዴ ከጀመሩት ንጹሕ መሬትም ማስረጃ ይሆናል።

በዚያው ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ለጥበቃ ሥራ የመጣ ሰው ቁጭ ብሎ አየሁ። አለቃዬ ሲያልፍ ትከሻውን መታ አደረገው። ዘመዱ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ቤተ ሙከራችን አንድ ክፍል ናት፤ መደርደሪያው ላይ ከዕቃ ይልቅ አቧራ ይበዛል። ፌስታሉንና ጥቁሩን ወረቀት ይዤ ገባሁ። መጀመሪያ ሁለቱንም በጣቴ አሸሁ። የእማማ ጥላሸት ቅባት ያለው፣ ፍርክስክስ ያለ ነው፣ ጣት ላይ ይጣበቃል። ከጣራ ሲረግፍ እንኳን ሰዎቹ ራስ ላይ ነው የወደቀው፣ ሩቅ አልሄደም። ወረቀቱ ላይ ያለው ግን ጣት ላይ አይጣበቅም። ከዱቄት የደቀቀ ነው፤ ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ ወረቀቱን ሆኗል። እንዲህ የደቀቀ ነገር ዝናብ ካላወረደው በቀር የሚወድቅበት ምክንያት የለውም፣ ነፋሱ እንደወሰደው ይሄዳል።

ከዚያ ሁለቱን ለየብቻ በተጣራ ውሃ ዘፍዝፌ አጠለልኩ፣ ጥቂት አሲድ ጨመርኩ፣ ባሪየም ክሎራይድ ጠብ አደረግኩ። ይሄ የአንደኛ ዓመት ሙከራ ነው። ውሃው ውስጥ ከድኝ የመጣ ነገር ካለ ነጭ ይሆናል። የእማማ ጥላሸት ውሃ በመጠኑ ደፈረሰ፣ ያንን ያህል ብቻ። የፊልተሩ ውሃ ግን ዓይኔ እያየ ወተት ሆነ።

ደግሜ ሞከርኩ። የራሴን እጅ ጠርጥሬ ማለት ነው። ያልተጠቀምንበት ነጭ ወረቀትም ሞከርኩ፣ ጠርቶ ቀረ። የፊልተሩ እንደገና ወተት።

እንጨት ድኝ ብዙም የለውም። ማሳ ላይ የሚቃጠል ገለባም እንደዛው። ድኝ የሚበዛው ከመሬት ተቆፍሮ በሚወጣው ነው፤ በድንጋይ ከሰል፣ በድፍድፍ ነዳጅ። ይሄን ያህል ነዳጅ ጨንቻ ላይ ማን ያቃጥላል? ታች ያለው ከተማ ሁሉ ቢጨስ ሰማዩን ሙሉ አይሸፍን። ያኔ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ያስተማሩን ትዝ አለኝ። አውሮፓ ውስጥ ያንዱ አገር ጭስ ረጅም መንገድ ተጉዞ ሌላው አገር ሐይቅ ላይ ዘንቦ አሣ ፈጅቷል ብለውን ነበር። ለፈተና ሸምድጄ፣ ፈተናው ሲያልቅ ጣልኩት። የፈረንጅ ጣጣ ነበር የመሰለኝ።

ሾፌራችን በር ላይ ቆሞ ያያል። «ምን አገኘሽ?»

«ድኝ።»

«ሰዶም ላይ የዘነበው?»

«እሱው።»

«እና ሰዶም ማን ናት? ጨንቻ?»

«ሰዶምስ ሌላ ቦታ ናት። ዝናቡ ነው እኛ ጋ የመጣው።»

ለአለቃዬ ብርጭቆዎቹን አቅርቤ አሳየሁት። ወተት የሆነውን አየ፣ የደፈረሰውን አየ፣ እኔን አየ። «ገና ትናንት ተመርቀሽ…» አለና ተወው። ከዚያ «ከየት መጣ ታዲያ? ስሙን ጥሪ!» አለኝ። መጥራት አልቻልኩም። «እንግዲያው ስሙ የሚታወቀውን እንይዛለን» አለ። በሚቀጥለው ሳምንት ጥበቃው ይቀየራል።

ላይ ደግሞ ነገሩ ከቢሮም ብሷል። ቤቱ ተነስቶም ወረቀቱ ያው መጥቆሩ ሰፈሩ ውስጥ ተወርቷል። ጎሜ ነው ተባለ። ጎሜ ማለት ነውር የሆነን ነገር፣ መጣስ የሌለበትን ሥርዓት የጣሰ ሰው በራሱም በሰፈሩም ላይ የሚያመጣው ጣጣ ነው። የሚፈታው ሰውየው አደባባይ ወጥቶ ያደረገውን ሲያምን ነው። ሴትዮዋ የሆነ ነገር ሠርታለች፣ እስክታምን ድረስ አየሩም አይጠራም አሉ። በፊት ጠዋት ጠዋት ከእማማ ምድጃ እሳት ሊጭር የሚመጣ ጎረቤት አይጠፋም ነበር። አሁን ማንም አይመጣም።

«ምን ልመን?» አሉኝ። «ያላደረግኩትን?»

ሽማግሌዎቹ በማግስቱ ዱቡሻ ጠሩ። ዱቡሻ ነገር በይፋ የሚወራበት የሰፈሩ አደባባይ ነው፤ ሳር ሜዳ ነው፣ ዙሪያውን ትልልቅ ዛፍ። እዚያ ላይ ውሸት ማውራት ራሱ ጎሜ ነው ይላሉ። አለቃዬም ተጠርቶ መጣ፣ አዲሱን ጠባቂ ለማስተዋወቅም ይመቸዋል ብሎ መሰለኝ፣ ሰውየውን መኪና ውስጥ አስቀምጦታል። መኪናዋ ታች መታጠፊያው ላይ ናት። ሾፌሩ ለምዶታል።

ብርሃኑ ያው የመዳብ ብርሃን ነው። ቤቱን የተሸከሙት ሰዎች ሳሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ታጥቦ ሳያቸው ከጥቂቱ በቀር አልለየኋቸውም። ባለዘንጉ ሽማግሌ ተነስተው ሰላም ለመኑ፣ ለዝናብ፣ ለከብት፣ ለሰው። ከዚያ የሚያውቅ ይናገር አሉ።

እማማ ተነሱ። ሰው ሁሉ ጥፋታቸውን ያምናሉ ብሎ ጠበቀ። እኔም ለአንድ አፍታ እንደዛ መሰለኝ፤ ሰው ሲደክመው ያልሠራውንም ያምናል። እሳቸው ግን ወደ ሽማግሌዎቹ አልዞሩም። ወደኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ» አሉ። «ወረቀቱን ያጠቆርኩት እኔ ነኝ?»

አለቃዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ገና እያጣራን ነው በይ።»

ቆምኩ። ሽማግሌው ለምለም ሳር ነጭተው ሰጡኝ፣ ያዝኩት። እዚያ የሚናገር ሰው እርጥብ ሳር ይዞ ነው የሚናገረው። ከየት እንደመጣ አሁንም አላውቅም። ግን እሳቸው የጠየቁኝ ከየት እንደመጣ አልነበረም።

«አይደሉም፣ እማማ» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ጮኸ። «የማን እንደሆነ አላውቅም። ባሕር ተሻግሮ ይሁን በረሃ አቋርጦ አላውቅም። ከሩቅ ነው የመጣው፣ ነፋሱ ነው ያመጣው፣ የሌላ ሰው እሳት ነው። ያጠቆሩት እርስዎ አይደሉም።»